የሚገነፍለውን አትቁረጡት

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። «አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በቪዲዮ አሳዩ» ተብላ ቡና ማፍላትን መረጠች። ደስ አለኝ። ቪዲዮውን እስካየው ድረስ ማለቴ ነው።

ሙዚቃው ይደልቃል፤ ጽሑፉ እየተሽከረከረ ይገባል፣ ይወጣል። ቀርጾ የቆራረጠው ታላቅ ወንድሟ ነው። ጥሬው ቡና ምጣድ ላይ ይታያል፤ ወዲያው ተቆልቷል! እንዳያርር እንዴት ይማሰላል? ጀበናው ሲገነፍል ምን ይደረጋል? አተላው እስኪሰክን ምን ያህል ይጠበቃል? ሁሉም ተቆርጦ ወድቋል። የቀረው ሲኒ ይዞ ፈገግ ማለት ነው። ያውም በእንግሊዝኛ! አቦል፣ ቶናና በረካ እንኳ ስማቸውን ተነጥቀው «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር» ሆነዋል። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አገኘች።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ሲገባ ምን ብለን ነበር ያማረርነው? የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ «ቆይ» ቢሉት አይሰማም አላልንም? ዛሬ ልጆቻችን በየስልካቸው ትንንሽ ፕላዝማ ሲሠሩ እናጨበጭባለን።

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የአሠራር ድርሰት የማርመው ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ ነበር። ካልቻለ ድርሰቱ ወደቀ፤ አለቀ። ቪዲዮስ ቢሆን? መጀመሪያ ራስህ ሠርተህ የተሳሳትክበትን ጻፍ፤ ካሜራው እዚያ ላይ ይቁም።

ቅዳሜ ልጅቷን ጠርቼ አፍይ አልኳት። ገነፈለባት፤ ከሰሉ ጠፋ።

«መቅረጽ የነበረብሽ ይኼንን ነው» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ይኼ ከገባ እኮ ማርክ ይቀነስብኛል» አለችኝ።