ስለ ግሸን መንገድ ቅድሚያ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለእመቤታችን በዓል ወደ ግሸን የሚወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። የአምባሰል መንገድ ግን ዳገትና ጠመዝማዛ ስለ ሆነ፥ አንድ ሹም ወይም አንድ ባለጸጋ ብቻውን የተቀመጠበት አውቶሞቢል በፊት ሲቆም፥ ብዙ ምእመናን ያሳፈረው አውቶቡስ ከኋላው ተገትሮ ይቀራል።

ለዚህ ችግር በውጭ አገር መላ ከተገኘለት ቆይቷል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ በሸርሊ ጎዳና፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየው መሥመር፥ በ1973 አራትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለያዙ አውቶሞቢሎችም ተፈቀደ። የደንቡ መሠረት፥ መንገድ የሚመዘነው በሚያሳልፈው ሰው ብዛት እንጂ በመኪናው ብዛት አይደለም ማለት ነው።

በግሸን ዳገት ግን ሁለተኛ መሥመር ለይቶ ለመተው ስፋቱ አይበቃም። ስለዚህ በመሥመር ፈንታ ሰዓት መለየት ይገባል። ከዋዜማው ጀምሮ በተወሰነው ሰዓት አውቶቡሶችና ወንበራቸው የሞላ መኪናዎች ይቅደሙ፤ ጥቂት ሰው የያዙት ከዳገቱ ግርጌ ይቆዩ፥ ወይም ባዶውን ወንበር ለእግረኛው ሽማግሌ ይስጡ። በሽተኛ የሚያመላልስ መኪና ብቻ ሁልጊዜ ይለፍ። ቅድሚያም ከልክ በላይ ለመጫን ፈቃድ አይደለም።

ይህ ደንብ የሚጸናው ሹሙና ካህኑ አስቀድመው ሲፈጽሙት ነው። ፖሊሱ የድኻውን መኪና አቁሞ የባለሥልጣኑን ሲያሳልፍ ሕዝብ ያየ እንደ ሆነ፥ ደንቡ በዚያው ቀን ይፈርሳል። ወደ መስቀሉ አምባ የሚገባ ሁሉ በበሩ እኩል ምእመን እንደ ሆነ፥ በመንገዱም እኩል ሊሆን ይገባዋል።