ለሚስተር ካር የተሰጠ መልስ
ሚስተር ኒኮላስ ካር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የመረጃ ቴክኖሎጂ እንደ ባቡር ሐዲድና እንደ ኤሌክትሪክ ኃይል ለሁሉ የተዳረሰ ስለ ሆነ ለድርጅት ስልት የብልጫ ምንጭ መሆኑ እንደ ቀረ፣ ስለዚህም ወጪውን መቀነስና ሌሎችን መከተል እንደሚበጅ ገልጠው ነበር። ነገሩ ለጆሮ ቢጥምም መሠረቱ ስሑት ነው፤ የሚያፈርሰውም ራሳቸው ያመጡት የኤሌክትሪክ ምሳሌ ነው።

የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ፖል ዴቪድ በ1990 እንዳስረዱት፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በመጀመሪያ የእንፋሎቱን ሞተር በኤሌክትሪክ ሞተር ተክተው ኃይሉን ወደ ማሽኖቹ የሚያደርሱትን ዘንግና ቀበቶ፣ የሕንጻውንም አሠራር እንደ ቀድሞው ስለ ተዉት ጥቅማቸው ጥቂት ነበር፤ ምሉእ ፍሬው የታየው በ1920ዎቹ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሞተር ይዞ አዳራሹ በሥራው ቅደም ተከተል እንደ ገና ሲደራጅ ነው። ኃይሉን ማንም ይገዛው ነበር፤ ሥርዓቱን ግን የሚሸጥ ነጋዴ አልነበረም።

በመረጃ ቴክኖሎጂም ነገሩ እንዲሁ ነው፦ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የተባለውን የመዝገብ ሥርዓት ሲያሠራ፣ ተልእኮውን፣ የሥራውን ሂደትና የመረጃውን ፍሰት አስተባብሮ የሚያሳይ የተሟላ ንድፍ ስላልነበረው፣ ፍላጎቱም በየጊዜው ስለ ተለዋወጠ፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ ሥራው በ2005 ተተወ። በገንዘብ የሚገኘው መሣሪያ ሁሉ በእጁ ነበር።

ሚስተር ካር ከልክ ያለፈ ወጪን መንቀፋቸው፣ እውነት ለመናገር፣ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን አለቆችን «ቀንሱ» ከማለታቸው አስቀድሞ፣ የሥራ ንድፋችሁ ከዓላማችሁ፣ የመረጃ ሥርዓታችሁም ከሁለቱ ጋር ይስማማልን ብለው ሊጠይቁ በተገባቸው ነበር።