ጎርፉ ካለፈ በኋላ ምን እንጠጣለን?

ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ሀሪኬን የሚባለው አውሎ ነፋስ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ጭንቀት ብቻ ይመስለዋል። ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው።

ሀሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት የባሕር ውሃ ነው። የብስ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ይዳከማል፤ የተሸከመው እርጥበት ግን አብሮት ይጓዛል። ተራራ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዝና ዶፍ ይሆናል። ዶፉም በጠባብ ሸለቆ ተሰብስቦ ወንዝ ዳር ያለችውን ከተማ ያጥለቀልቃል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ሀሪኬን አሜሪካ ፍሎሪዳ ላይ ከባሕር ወጣ። በማግስቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት የሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ያለችውን ቺምኒ ሮክ የተባለች ትንሽ መንደር ጎርፍ አፈራረሳት። በዚያ ግዛት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአቅራቢያዋ ባለችው አሽቪል ከተማ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል የተባለው ከ53 ቀናት በኋላ ነበር።

ሀሪኬን በማይደርስበት በአገራችንም ትምህርቱ አንድ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወርዶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የላይኛውንም አገር ሰማይ ይመልከት። በሚወርድ ጎርፍ ውስጥም አይግባ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል።

እኔ ግን የምሰጋው በይበልጥ ለማግስቱ ነው። ጎርፍ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ጓዳው ያስገባል። የረጠበውን ዱቄት «አድርቄ እጋግረዋለሁ» የሚሉ እናቶች አሉ። ማባከኑ እንደሚያስጨንቃቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ፀሐይ ዱቄቱን ያደርቀዋል እንጂ ከብክለቱ አያነጻውም። ይጣል! ውሃው ተንተክትኮ ይፍላ፤ ከደፈረሰ አስቀድሞ ይጠለል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ።

ክዳን ያለው ጀሪካን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚሆን ውሃ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ። ይህን ክረምቱ ሳይገባ ዛሬውኑ አድርጉት፤ ጎርፍ በመጣ ሌሊት ጀሪካን የሚሞላበት ጊዜ የለም።