የድኻ ገመና ቅንጦት ነው ወይ?

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ሳል አላስተኛ ብሎት ደረቱን ራጅ ተነሣ። ያነሣውን የጤና ተቋም ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም ነገር አይደለምና። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የጤና ባለሙያ የሆነ አንድ ወዳጄ ስልኩን ከፍቶ ሰጠኝና «ይህ ያንተ ወንድም አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በስልኩ ላይ የሚታየው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች የተሰባሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ነበር። የወንድሜ ደረት ከነጎድን አጥንቱ ተዘርግቷል፤ በላይኛው ጥግ ስሙ እስከ አያቱ ድረስ፣ ዕድሜውና የካርድ ቁጥሩ ተጽፏል። ከሥሩ አንዱ «ቲቢ ይመስላል» ይላል፤ ሌላው «ኤችአይቪ ተመርምሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ራጁን እንዳለ ለአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አቅርቦ የተሰጠውን መልስ ለጥፏል። ማሽኑ የሳንባ ምች ሊሆን እንደሚችል ነበር የመለሰው።

ማሽኑ ልክ ነበር። ወንድሜ የሳንባ ምች ይዞት ነበር፤ ታክሞ ድኗል። ስለ ራጁ ስነግረው ግን ለጊዜው ዝም አለ፤ ቆይቶም «እጮኛዬ እኮ ነርስ ናት» አለኝ። ስሙን እስካልጠራሁ ድረስ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። በዚህ ሁሉ መካከል ፈቃዱን የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆኔ ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ራጁን የለጠፈው ሐኪም በአጠገቡ የሚያማክረው ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ስላልነበረው ነው። ይህን እረዳለሁ። የማልረዳው ይህን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ሰዎች ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝን መልስ ነው። «ሕዝቡ በሐኪም እጦት እያለቀ ስለ ምሥጢር ማውራት ቅንጦት ነው፤ አውሮፓውያን ይጨነቁበት፤ እኛ መጀመሪያ እንዳን» ይሉኛል። ከባለሥልጣንም፣ ከቴክኖሎጂ ነጋዴም፣ ይባስ ብሎ ከሐኪምም አፍ ሰምቼዋለሁ። ጠቤ ከዚህ አባባል ጋር ነው።

አስቀድሜ ግን ልመን፤ ማሽኑ ያስፈልገናል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ሸክም ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ራጅ ማንሻ መሣሪያው በተገኘበት ቦታ ሁሉ ራጁን የሚያነብ ሐኪም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ለመለየት ዲጂታል ራጅን በሰው ፈንታ ኮምፒዩተር ሊያነበው እንደሚችል ተቀብሏል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ይህን መሣሪያ ቢያገኝ ስንት በሽተኛ ሳይመላለስ መድኃኒቱን በጊዜ እንደሚጀምር ማስላት አያዳግትም። «ማሽን አይግባ» የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይቁጠረኝ። አገሪቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም በ2012 ዓ.ም. አቋቁማለች፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። መልካም ነው።

ነገር ግን «ቅንጦት» ስለተባለው ቃል እንነጋገር። ገመናን መሸፈን ከአውሮፓ የመጣ ፋሽን ነውን? ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለአዋላጇ በሹክሹክታ የምትናገር እናት ይህን ከየትኛው የብራስልስ ደንብ ተማረችው? ገመና የሚለው ቃል ራሱ የኛ ነው፤ ፈረንጆቹ ለእርሱ የሚሆን አንድ ቃል ያላቸው አይመስለኝም። ደግሞስ ገመናው ሲገለጥ የበለጠ የሚጎዳው ማን ነው? ባለጸጋው በሽታውን ይዞ ባንኮክ ወይም ዱባይ ሄዶ ይታከማል፤ ቢወራበትም እንጀራው አይቋረጥም። የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ግን በአንድ ወሬ ሥራቸውንና መጠለያቸውን ያጣሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ የምትዘጋጅ እኅታችንን አስቧት። ከጉዞዋ በፊት የጤና ምርመራ ታደርጋለች፤ ድሮ ታክማ የዳነችው የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ በራጅ መታየቱ ብቻ መንገዷን ሊዘጋባት ይችላል። ለእርሷ ራጅ ማለት የሥዕል ጉዳይ አይደለም፤ የታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ የድኻው ገመና ቅንጦት የሚባለው ድኻው ራሱ ስለተናቀ ነው።

ምሥጢር ሲፈራ በሕክምና ላይ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ ይህች አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር በሽተኛው መድኃኒቱን በሰፈሩ መውሰድ ሲችል አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ይሄድ እንደ ነበር የማያውቅ የጤና ባለሙያ አለ ወይ? ስሙን ለውጦ የሚመዘገብ ነበር፤ አድራሻውን የሚያሳስት ነበር፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ሲያጣ መድኃኒቱን የሚያቋርጥም ነበር። ያቋረጠው ስላላመነ አይደለም፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአክስቱ ጎረቤት ስለሆነች ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው የሚነግረው ሰው ምሥጢር እንደማይጠብቅለት ሲያውቅ ነው።

የ«ቅንጦት» ባዮች ስሌት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተመዘገበው መረጃ እንጂ ከሰማይ አይማርም። የፈራ በሽተኛ የውሸት ስም፣ የውሸት ዕድሜ፣ የተቆረጠ ታሪክ ያስመዘግባል፤ ጭራሽ ሳይመጣም ይቀራል። ማሽኑ ያንን ውሸት እንደ እውነት ይማረዋል፤ የቀሩትንም እንዳልተፈጠሩ ይቆጥራቸዋል። ከዚያም ለሚቀጥለው በሽተኛ በሙሉ ልብ ይመክራል። ስለዚህ «ምሥጢር ወይስ ሕይወት?» ብሎ ምርጫ የሚያቀርብልን ሰው የሌለ ምርጫ ነው የሚያቀርብልን። ምሥጢሩ ያልተጠበቀለት ሕዝብ ለማሽኑ የሚሰጠው እውነተኛ መረጃ የለውም።

«ስሙን አጥፍተን ነው የምናስተላልፈው» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። ይህን መልስ በማሳቹሴትስ ግዛት ሞክረውት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የግዛቱ የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መዝገብ ስም እየጠፋለት ለተመራማሪዎች ይሰጥ ነበር፤ አገረ ገዢው ዊልያም ዌልድም ማንም እንደማይታወቅ ለሕዝቡ አረጋግጠው ነበር። በጊዜው ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች ዝርዝር በ20 ዶላር ገዛች፤ የልደት ቀንን፣ ፆታንና የፖስታ መለያ ቁጥርን አመሳከረች፤ የአገረ ገዢውን የራሳቸውን የሕክምና መዝገብም አገኘችው። ለነገሩ እኛ ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን በትክክል አናውቅም፤ ይህ እንኳ መሸሸጊያ ይሆነን ይሆናል! ነገር ግን በአንዲት አነስተኛ ወረዳ መንታ የወለደች፣ ፌስቱላ የታከመች የ38 ዓመት ሴት ስሟ ቢጠፋ ማን እንደሆነች የቀበሌው ሰው ሁሉ ያውቃታል። በፋይዳ መታወቂያ ሁሉም ነገር በአንድ ቁጥር በሚታሰርበት ዘመን ደግሞ ማመሳከሩ ይብሱን ይቀላል።

የበለጸጉት አገሮችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ተዋርደዋል። የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የ1.6 ሚሊዮን ሰዎችን መዝገብ የጉግል ንብረት ለሆነው ዲፕማይንድ አሳልፎ ሰጠ። ዓላማው ቅን ነበር፤ የኩላሊት ሕመምን ፈጥኖ ለሐኪም የሚጠቁም መተግበሪያ ለመሥራት ነበር። በሽተኞቹ ግን በቅጡ አልተነገራቸውም፤ የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነርም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ሆስፒታሉ ሕግ እንደጣሰ ወሰነች። በፊንላንድ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ሌባው 33,000 ገደማ ለሚሆኑ በሽተኞች «ገንዘብ ክፈሉ፣ አለበለዚያ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ» የሚል ዛቻ ላከ። የልጅነት መደፈራቸውን፣ የትዳር ችግራቸውን በዝግ በር የተናገሩ ሰዎች ናቸው። ወንጀለኛው እ.ኤ.አ. በ2024 ከስድስት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት፤ ድርጅቱም ከሠረ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተነበበውን ማን ይመልሰዋል? ፊንላንድ እንዲህ ከሆነች የኛን ሰርቨሮች አስቡ።

«ሕግ አለን» ይባላል። አለን፤ ያውም ክፉ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪሙ የሙያ ምሥጢር ቢያወጣ ይቀጣዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው መረጃ ይመድበዋል። አዋጁን ያነበበ ሰው አርቃቂዎቹ ዓለም የደረሰበትን እንደሚያውቁ ይረዳል። ክፍተቱ ያለው ተቆጣጣሪው ላይ ነው። አዋጁን እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የተደረገ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሕዝቡን የጤና መዝገብ በብዛት የያዘው ማን ነው? መንግሥት። መረጃው የሚተላለፍበትን መስመር በዋናነት የያዘው ማን ነው? የመንግሥት ኩባንያ። ታዲያ አንዱ የመንግሥት ክንድ ሌላውን የመንግሥት ክንድ ይዞ ይቀጣል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። እኔ የምጠይቀው ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ፣ ሚኒስቴሩን ራሱን ፍርድ ቤት ማቆም የሚችል፣ የሚያገኘውንም ለሕዝብ በይፋ የሚያትም ገለልተኛ ተቋም ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ከአሜሪካ ጋር የአምስት ዓመት የጤና ስምምነት ስትፈርም የሸማቾች መብት ተከራካሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በቀናት ውስጥ የዜጎችን የጤና መረጃ ስለ ማስተላለፍ የሚናገረውን ክፍል በጊዜያዊ ትእዛዝ አገደው። ስለ ክርክሩ ፍጻሜ አይደለም የማወራው፤ ክርክሩ ስለመኖሩ ነው። በኛ አገር እንዲህ ዓይነት ውል ሲፈረም የሚተርፈን የእጅ መጨባበጡ ፎቶግራፍ ነው። የጤና መረጃን የሚመለከት ማንኛውም ውል፣ ከውጭ ኩባንያ ጋርም ይሁን ከለጋሽ ድርጅት፣ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይውጣና እናንብበው። የድንበር ምሥጢር አይደለም፤ የራሳችን ሽንትና ደም ነው።

ቴክኒኩን በሚመለከትም «ሌላ መንገድ የለም» የሚሉን አያታልሉን። መረጃው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ማሽኑ ወደ መረጃው ሄዶ የሚማርበት ስልት ካለ ቆይቷል። ተማሪው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል እንጂ መጻሕፍቱ በጭነት መኪና ወደ ተማሪው ቤት አይጫኑም። ተማሪው የሚወጣው የተማረውን ይዞ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ብልህ ሌባ ማሽኑ ከተማረው ውስጥ የግለሰብን መረጃ ሊያወጣ የሚችልባቸው መንገዶች አሉ። ያም ሆኖ መዝገቡን እንዳለ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከመዘርገፍ እጅግ ይሻላል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ደግሞ ይህም ላያስፈልግ ይችላል፤ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር ላይ ራጅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። መንግሥት ሲገዛ እነዚህን ይግዛ። የበሽተኛው ስም ራጁ ላይ ታትሞ እንዳይወጣ ማድረግስ የየትኛው ሳይንስ ምጥቀት ይጠይቃል?

ሐኪሞቹን በሚመለከት ቅጣት ብቻ አያዋጣም። ለወረዳው ሐኪም አስተማማኝ የምክክር መስመር ሳይዘረጉለት «ቴሌግራም አትጠቀም» ማለት «በሽተኛህን በግምት አክም» ማለት ነው። ሚኒስቴሩ የራሱን መስመር ይክፈት፤ ከዚያ በኋላ በቴሌግራም የለጠፈውን ይጠይቅ።

የወንድሜን ራጅ በተመለከተ፣ በወዳጄ በኩል ለቡድኑ አስተዳዳሪ መልእክት ልኬ ነበር። «ለትምህርት የተቀመጠ ነው፤ ማንም አይጎዳም» የሚል መልስ ደረሰኝ። ቡድኑ በዚያን ቀን ከአራት ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። ለማሽኑ የተሰጠው ቅጂ የት እንዳለ አስተዳዳሪውም አያውቅም። አቤቱታዬን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የሚቀበለኝን መስኮት እየፈለግሁ ነው።