ለመኖሪያ ቤት የሚበቃ ድምፅ፦ የጊታር ማጉያ ምርጫ በለንደን ግድግዳዎች መካከል

በለንደን የሚኖር ሰው ለቤቱ የጊታር ማጉያ ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ስንት ዋት ይሁን?» የሚል ነው። ሻጩ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ካርቶኑ ላይም በትልቁ የታተመው ይኸው ቁጥር ነው። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ዋት አንድ ማጉያ ምን ያህል መጮኽ እንደሚችል ይናገራል እንጂ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በጎን ክፍል ሕፃን በተኛበትና ከወለሉ በታች ሌላ ቤተሰብ በሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አይናገርም። ከልክ ያለፈ ማጉያ ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ዝምታን ነው፦ የማጉያው ውበት የሚወጣው ሲጮኽ ነው፤ መጮኽ ደግሞ አይቻልም፤ ስለዚህ አይከፈትም፤ ጊታሩም ቀስ በቀስ ከነሽፋኑ አልጋ ሥር ይገባል። ትዝታንና ባቲን ከወላጆቹ እጅ ሊሰማ ይችል የነበረው ልጅም ሙዚቃውን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ይሆናል። የማጉያ ምርጫ ከገበያ ጉዳይነት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

በየሱቁ የተደረደሩት ስመ ጥር ማጉያዎች በመሠረቱ ለቤት የታሰቡ አልነበሩም። ብዙዎቹ የለንደንና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። የቮክስ ማጉያዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ የተወለዱት ከለንደን በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በዳርትፎርድ ነው። ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የነበረው ጂም ማርሻል በምዕራብ ለንደን፣ በሃንዌል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁን የከፈተው በ1960 ሲሆን፣ ጄቲኤም 45 የተባለው የመጀመሪያው ማጉያ በ1962 ወጣ። ኦሬንጅም በ1968 በዚያችው ከተማ ተመሠረተ። በዚያን ዘመን የአዳራሾች የድምፅ መሣሪያ ደካማ ስለነበር፣ ጊታር መጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው አድማጭ የሚደርሰው በራሱ ማጉያ ጉልበት ነበር። ባለ 100 ዋቱ ማጉያ የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

የአዲስ አበባው ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ አይቤክስና በኋላም ሮሃ ባንድ በየሆቴሉና በየአዳራሹ ሲጫወቱ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር መኖሪያው የጭፈራ አዳራሽ ነበር። የኢትዮጵያ መኖሪያ ቤት በአንፃሩ የሚያውቃቸው ክራርን፣ በገናን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን ነው፤ ከሰው ድምፅ ጋር ተቀምጠው የሚነጋገሩ፣ ዘፋኙን ለመሸፈን አቅሙም ፍላጎቱም የሌላቸው መሣሪያዎች። ስለዚህ ለቤት ማጉያ የሚመርጥ ኢትዮጵያዊ መለኪያውን ከሃንዌል ሳይሆን ከክራር ቢወስድ ይሻለዋል፦ ይህ ዕቃ አንድ ሰው ለሌላው በሚናገርበት መጠን ሲከፈት ያምራል ወይስ አያምርም?

ስሌቱም ይህንኑ መለኪያ ይደግፋል። የማጉያው ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ባለ 100 ዋት ማጉያ እንግዲህ ከባለ 1 ዋቱ የሚጮኸው 4 እጥፍ ያህል እንጂ 100 እጥፍ አይደለም። የተለመደ የጊታር ስፒከር በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ፣ 97 ዴሲቤል ገደማ ያወጣል። የተለመደ ንግግር ደግሞ 60 ዴሲቤል ግድም ነው። የሁለቱ ልዩነት 37 ዴሲቤል ሲሆን፣ ወደ ኃይል ሲመነዘር 5,000 እጥፍ ይሆናል። በንግግር መጠን ለመጫወት የሚያስፈልገው ኃይል እንግዲህ የአንድ ዋት አምስት ሺኛ ነው ማለት ነው። «ለቤት የሚሆን» እየተባለ የሚሸጠው ባለ 1 ዋት የቫልቭ ማጉያ እንኳ በሙሉ አቅሙ ከተከፈተ ጎረቤትን ከመቀመጫው ያስነሣል። ስለ 15፣ ስለ 30 እና ስለ 50 ዋት የሚደረገው ክርክር፣ ቤትን በሚመለከት፣ ፈጽሞ ስለማይደረስበት ከፍታ የሚደረግ ክርክር ነው።

ቁጥሮቹን ከግድግዳው ጋር ማስተያየት ይገባል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2003 ወዲህ የሚሠራው የግንባታ ደንብ፣ በአዳዲስ መኖሪያዎች መካከል ያለው ግድግዳና ወለል ቢያንስ 45 ዴሲቤል፣ ነባር ሕንፃ ወደ መኖሪያ ሲለወጥ ደግሞ 43 ዴሲቤል እንዲያግድ ይጠይቃል። በንግግር መጠን የሚጫወት ጊታር እንዲህ ያለውን ግድግዳ አልፎ ሲደርስ ከሞላ ጎደል አይሰማም፤ 97 ዴሲቤል የሚያወጣው ግን ከ50 በላይ ሆኖ ይደርሳል። የ1996ቱ የድምፅ ሕግ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእንግሊዞች አቆጣጠር ከ11 እስከ 7፣ አቤቱታ አቅራቢው ቤት ውስጥ ተለክቶ የሚፈቅደው መጠን፣ አካባቢው ጸጥ ያለ ከሆነ፣ 34 ዴሲቤል ነው። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት የማያቆም ሰው ሊቀጣ፣ መሣሪያውም ሊወሰድበት ይችላል። ቀን ላይም ቢሆን በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሠረት ካውንስሉ ሁከቱ እንዲቆም ማዘዝ ይችላል። ከ2003 በፊት በተከፋፈሉ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ወይም በአሮጌ የካውንስል ሕንፃዎች የሚኖር ሰው ደግሞ 45 ዴሲቤል የሚያግድ ግድግዳ አለኝ ብሎ መተማመን አይችልም።

እዚህ ላይ ለፖሊሲ ሰዎች ሊታወስ የሚገባው በ1999 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ሆኖ፣ በሳውዝዋርክና በካምደን ተከራዮች ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ተከራዮቹ የጎረቤቶቻቸው የዕለት ተዕለት ኑሮ ድምፅ በሳሳ ግድግዳና ወለል በኩል እየገባ ኑሯቸውን እንዳናጋው አስረዱ። ዳኞቹ ችግሩን አልካዱም፤ ነገር ግን አከራዩ ካውንስል ቀድሞ ያልነበረ የድምፅ መከላከያ የመጨመር ግዴታ የለበትም፣ ተራ የቤት ውስጥ ኑሮም ሁከት አይደለም ሲሉ ወሰኑ። የውሳኔው ተግባራዊ ትርጉም፣ የአሮጌ ሕንፃ ጉድለት ሸክም የሚወድቀው ባለቤቱ ላይ ሳይሆን በግድግዳው ግራና ቀኝ በሚኖሩት ሰዎች ላይ ነው። የካውንስሉ ሕንፃ ሊያግደው ይገባ የነበረውን ድምፅ ተከራዩ በራሱ ገንዘብና በራሱ ትዕግሥት ያግዳል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን የማጉያው ገዢ የሚወስነው በዚህ እውነታ ውስጥ ነው።

ወደ ማጉያው ሲመለሱ፣ ጥያቄው በአነስተኛ ድምፅ ምን ይጠፋል የሚለው ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይበልጥ ይስታል። በአዳራሽ ሙሉ የነበረው ጊታር ሳሎን ውስጥ የሳሳና የደረቀ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። የቫልቭ ማጉያ ሌላም ጉዳት አለው፤ የሚወደስበት ሙቀትና ልስላሴ ጉልህ ሆኖ የሚመጣው ወደ አቅሙ ጫፍ ሲጠጋ ነውና በንግግር መጠን ሲከፈት ባለቤቱ የከፈለበትን ነገር አያገኝም።

የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለሚጫወት ሰው ሌላ ምክንያትም አለ። ማጉያ ከአቅሙ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሻካራ ድምፅ፣ ጊታሪስቶች ዲስቶርሽን የሚሉት፣ አብረው የሚያልፉትን ሁለት ድምፆች ድግግሞሽ ደምሮና ቀንሶ አዳዲስ ድምፆችን ከራሱ ይወልዳል። በሮክ ጊታር የተለመደው የአንደኛና የአምስተኛ ድምፅ ጥምረት እነዚህን ልጆች በሰላም ያስተናግዳቸዋል። አንቺሆዬ ግን እጅግ የተቀራረቡ ድምፆችን በጉያው ይዟል፤ እነዚያ በሻካራ ማጉያ ውስጥ አብረው ሲያልፉ ቅኝቱ ይጨቀያል። የትዝታ ጣት አጣጣልም እንዲሁ ነው፤ ጌጡ ያለው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በሚደረገው መንሸራተትና ድምፁ እየሞተ በሚሄድበት ጊዜ ነው። የአይቤክስና የሮሃው ሰላም ወልደማርያም በቀረጻዎቹ የሚሰማው ጊታር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርቶ የሚነበብ ጊታር ነው። ስለዚህ ተፈላጊው ማጉያ በዝግታ የሚጠራ እንጂ በጩኸት የሚሻክር አይደለም።

በዚህ ሚዛን ከተመዘኑ ዝናቸው ትንሽ የሆኑት ዕቃዎች ይበልጣሉ። ሮላንድ በ1975 ያወጣው ጃዝ ኮረስ በጠራ ድምፁ የታወቀ ነው፤ ታናሹ ጄሲ 22 ሁለት ባለ 6.5 ኢንች ስፒከሮች ይዞ ያንን ጠባይ ወደ ሳሎን ያመጣል፤ ለጊታር ብቻ ከሆነ ቀዳሚው ምርጫ እርሱ ነው። ያማሃ በ2011 የጀመረው ቲኤችአር የተሰኘው ተከታታይ ከመነሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዝግታ ለመጫወት የታሰበ ነው። የቦስ ካታና 50 ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ መቀየሪያ አለው፤ ሆኖም ከላይ እንደተሰላው ግማሽ ዋትም ለአፓርታማ ብዙ ነው። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ማጉያዎች ርካሽና ብልኅ ናቸው፤ አምራቹ መተግበሪያውን ማደስ ሲያቆም ግን ዕቃው ከነሙሉ ጤንነቱ ሊሽመደመድ ይችላል። በገጹ ላይ ባሉት ማዞሪያዎች ብቻ መሥራት የሚችለውን መምረጥ አስተዋይነት ነው።

ቤቱ ክራር ካለበት ነገሩ ይለወጣል። ክራር በማጉያ መድረክ እንደሚቆም በለንደን አስረጅ አለ፤ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተባለውን አልበም አውጥቷል። ነገር ግን የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ይቆርጣል። ለኤሌክትሪክ ጊታር ይህ መልካም ነው፤ ለክራር ጅማት ጥራት፣ ከዚያም በላይ በጅማቱና በድልድዩ መካከል ከሚገባው ቆዳ ለሚወለደው የበገና ንዝረት፣ ሞት ነው። ለእነዚህ የሚስማማው ለአኩስቲክ መሣሪያ የተሠራ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር ያለው ማጉያ ነው። ሁለቱንም የሚጫወት ቤተሰብ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ከሆነ የአኩስቲኩን ይግዛ፤ የጠራ ጊታር በእርሱ ውስጥ ያልፋል፤ በገና ግን በጊታር ማጉያ ውስጥ አያልፍም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማዳመጫ ጆሮ ላይ ቢደረግ አይበቃም?» የሚል ሰው ጠንካራ ክርክር ይዟል። ለጎረቤት ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የለም፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላም ሌላ አማራጭ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነውና በማዳመጫ የሚጫወት ሰው ድምፁን ሳያስተውል ከፍ እያደረገ እንዳይሄድ መጠንቀቅ አለበት። ዋናው ተቃውሞ ግን ጤና አይደለም። የኢትዮጵያ ቅኝት በአብዛኛው ከወረቀት ሳይሆን ከጆሮ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነው፤ አብዛኛው ተማሪም ሳይቀጠር የመጣ ተማሪ ነው፤ ቡና ሲፈላ በአጠገቡ የተቀመጠ፣ የቤት ሥራውን እየሠራ ከጎን ክፍል የሰማ። ማዳመጫ ያደረገ አባት ለልጁ የሚያሰማው የጅማት ኮሽታ ብቻ ነው። በንግግር መጠን የሚናገር ትንሽ ማጉያ ጎረቤትን ሳይነካ ቤተሰቡን ይደርሳል፤ ተመራጭ የሚያደርገውም ይኸው መካከለኛ ቦታው ነው።

አገዛዙን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሞከር ማጉያ ሁልጊዜ ከልክ በላይ ይከፈታል፤ ጆሮም የጮኸውን የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል። ገዢው ከሻጩ ጋር እያወራ ሳለ የሻጩን ድምፅ በማይሸፍን መጠን እንዲከፈትለት ይጠይቅ። ቤት ሲገባም ማጉያው ወለል ላይ ሳይሆን በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ታችኛው ጎረቤት የሚሻገረው በወለሉ ንዝረት ነው። ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚላክ ከሆነ፣ ከብሪታንያ የተገዛው ሶኬቱ ብቻ ይለወጥለታል፤ ከአሜሪካ በ120 ቮልት የመጣው ግን የኃይል አቅርቦቱ 220 ቮልት የማይቀበል ከሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ትልቁ ማጉያስ? ሠርግ አለ፣ በዓል አለ፣ ባንድ የሚያቋቁሙ ወጣቶችም አሉ። የ2021 የለንደን ፕላን ነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ አልሚ የድምፅ መከላከያውን ወጪ ራሱ እንዲሸከም ያዛል፤ ለአፓርታማ ሙዚቀኛ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አልቆመለትም። ስለዚህ ጉልበቱ ከቤት ወጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ አዳራሽ መሄድ አለበት። እድር ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ የሚይዘው ማንም ለሳሎኑ ድንኳን ስለማያስፈልገው ነው። በለንደን ያሉ ማኅበራትም አንድ ባለ 50 ዋት ማጉያ፣ አንድ የመድረክ ስፒከርና በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚከራይ አዳራሽ በጋራ ቢይዙ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊከፍተው የማይችለውን ዕቃ ለየብቻው ከመግዛት ይድናል። ማን ይወስዳል፣ መቼ ይመልሳል፣ ቢሰበር ማን ይከፍላል የሚለውን ደንብ እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም፤ ለድንኳኑ የወጣው ለማጉያውም ይሠራል።