ጎመኑን ማን በላው?

በዛሬው የጓሮ ዓምዳችን የምንነግራችሁ ስለ አንድ ሌባ ነው። ሌባው ድምፅ የለውም። ሌሊት ይመጣል፤ ሲነጋ ይሰወራል።

ነገሩ የሆነው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በኮተቤ ነው። ቦሌና ኮተቤ ሲባል ፎቅና አስፋልት ብቻ አይምሰላችሁ። ከቤቱ ጀርባ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚተክል ሰውም አለ። እኛም በሰኔ ጎመን ተክለን ነበር። ጎረቤታችን እትዬም ተክለው ነበር።

በሐምሌ አንድ ጠዋት እትዬ ወደ ጓሮ ወጡ። የጎመኑ ቅጠል ተበሳስቷል። ለጋው ችግኝማ ጭራሽ የለም። «ይሄ የእናንተ ዶሮዎች ሥራ ነው!» አሉን። እኛም ተቆጣን። «ኧረ ዶሮዎቻችን ከግቢ አልወጡም!» አልን። ተኳረፍን። ሦስት ቀን ቡና እንኳ ሳንጠራራ ቀረን።

በአራተኛው ቀን የእትዬ ልጅ፣ «እስቲ ማታ በባትሪ እንየው» አለ። ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወጣን። ጎመኑ ላይ ብናበራ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ቀንድ አውጣ ነው! አንዳንዱ ቅርፊቱን በጀርባው ተሸክሟል። አንዳንዱ ደግሞ ቅርፊት የለውም፤ ራቁቱን ነው። እትዬም እኛም አፈርን።

ጠላትን ማወቅ

ቀንድ አውጣ እርጥበት ይወዳል። ፀሐይ ያደርቀዋል። ስለዚህ ቀን ከድንጋይ ሥርና ከሣር ውስጥ ይደበቃል። ማታ ይወጣል። ምላሱ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ ቅጠሉን እየፋቀ ይበላል። በሄደበት ልጋጉ ይቀራል። ልጋጉ ሲደርቅ ያብለጨልጫል። ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር ካያችሁ ዶሮ አትክሰሱ!

የጓሮ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ሆኖ የተፈጠረ ነው። እንቁላሉን አፈር ውስጥ ይጥላል። ራቁቱ ቀንድ አውጣ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 50 እንቁላል ሊጥል ይችላል። በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የእሱም ድግስ ያን ጊዜ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ማታ በባትሪ እንልቀም። በባዶ እጅ አንንካው፤ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። እጃችን ላይ ላስቲክ እናጥልቅ። የለቀምነውን ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ እንጨምር።

ሁለተኛ፦ ማታ እርጥብ ጆንያ ወይም ጣውላ በመደቡ አጠገብ እናንጥፍ። ሲነጋ ከሥሩ ይሸሸጋል። ጠዋት ገልጠን እንልቀም።

ሦስተኛ፦ ጣሳ ቀብረን ጠላ እንጨምርበት። የጣሳው አፍ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ይበል። በውጭ አገር ይህን የሚያደርጉት በቢራ ነው። እኛ በጠላ ሞክረን ጠዋት ሰምጦ አገኘነው።

አራተኛ፦ በችግኙ ዙሪያ ደረቅ አመድ እንነስንስ። ዝናብ ካጠበው አይጠቅምም፤ እንደገና ይነስነስ። ባዶ ሃይላንድ ከላይና ከታች ቆርጦ ለችግኙ አጥር ማድረግም ይቻላል።

አምስተኛ፦ ውሃ ማጠጣት በጠዋት ይሁን እንጂ በማታ አይሁን። በመደቡ ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፤ ድንጋዩም ይነሳ።

ይህን አታድርጉ

እኛ መጀመሪያ ጨው በትነን ነበር። ቀንድ አውጣው ሞተ፤ ጎመኑም አብሮ ደረቀ። ጨው መሬት ያበላሻል። ለቀንድ አውጣ ተብሎ የሚሸጥ፣ እንደ እህል ፍሬ ያለ መርዝም አለ። ውሻ ምግብ መስሎት ይበላዋል፤ ይሞታል። ሕፃን ልጅም አንስቶ ወደ አፉ ሊከተው ይችላል። ለአንድ መደብ ጎመን ብለን ልጅ አንጣ።

የዶሮዎቹስ ነገር? ዶሮ ቀንድ አውጣ ትበላለች። ለጋ ጎመንም ግን አትምርም። ስለዚህ አሁን ከመትከላችን በፊት፣ አፈሩ ሲቆፈር፣ ወደ እትዬም ጓሮ እንለቃቸዋለን። ተከሳሾቹ ዘበኛ ሆኑ ማለት ነው።

ቀንድ አውጣ አጥር አያውቅም። አንዱ ለቅሞ ሌላው ቢተወው ተመልሶ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በክረምት እትዬና እኛ ማታ ማታ አብረን እንለቅማለን። ከዚያ ቡና ይፈላል። ጎመኑም ለሁለት ቤት ይበቃል። ብቻ ከመቀቀላችሁ በፊት ቅጠል በቅጠል እጠቡት። በጥሬው የሚበላውን ሰላጣማ ይበልጥ አጥሩ።

ጥያቄ

1. እትዬ ማንን ጠረጠሩ? ሌባውስ ማን ነበር?
2. ቀንድ አውጣ ቀን ቀን የት ይደበቃል?
3. ጨው መበተን ምን ጉዳት አለው?
4. በእናንተ ጓሮ ጎመኑን የሚበላው ምንድን ነው? ዛሬ ማታ በባትሪ አይታችሁ ነገ ለጎረቤታችሁ ንገሩ።