የቤት ኮምፒዩተር «አልታደስም» ሲል



ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ልጅ የቤት ሥራውን ይሠራበታል፤ ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን ታዘጋጅበታለች፤ እናት የዕቁቡንና የዕድሩን ሒሳብ ትይዝበታለች። የልጆች የልደትና የክርስትና ፎቶግራፍም የሚገኘው በአልበም ሳይሆን በእሱ ሆድ ውስጥ ነው። ይሁንና «አፕዴት» የምንለው እድሳት አልሳካ ብሎ በስክሪኑ ላይ የስሕተት ቁጥር ብቅ ሲል፣ ብዙዎቻችን «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። እኔ በዚህ አልስማማም። የቡታጋዙን ጎማ ፈትሻ፣ የማብሰያውን ፊውዝ ለይታ የምታውቅ ሴት ይህ አያቅታትም።

ለመሆኑ እድሳቱ ቢቀርስ ምን ይጎዳል? ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ በዓለም ላይ ተሠራጨ። ሥራው የሰውን ፋይል ቆልፎ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልከፍትም» ማለት ነበር። ከ150 በማያንሱ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ሲያጠቃ፣ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን እድሳት ማይክሮሶፍት ያወጣው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፣ መጋቢት 5 ቀን ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው መድኃኒቱ ወጥቶ ሳለ ያልወሰዱት ናቸው። ስለዚህ አፕዴቱ ስላስቸገረ ብቻ ጨርሶ ማዘጋት መፍትሔ አይሆንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ችግሩ ሲነገራቸው አንዳንድ ጥገና ቤቶች ቶሎ የሚሰጡት መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ጠራርጎ ሁሉን እንደ አዲስ መጫን ነው። የማውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ ይህ ደርሶባታል። የአራት ዓመት የደንበኞቿን ልክ፣ የዱቤ መዝገቧንና የሟች እናቷን ፎቶግራፎች የያዘው ኮምፒዩተር አልታደስ ሲላት የእኅቷ ልጅ ወስዶ አሠራላት። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ጸድቶ መጣ፤ ከውስጡ ግን ምንም አልተረፈም። ከዚያም ወር ሳይሞላ ያው የስሕተት ቁጥር ተመልሶ መጣ! በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ለካስ ችግሩ በሳጥኑ ውስጥ ያለችው፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ማለቋ ኖሯል። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑን የረሳ ኮምፒዩተር ደግሞ ለመታደስ ይቸግረዋል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለችው ይህች ባትሪ ሲ.አር. 2032 ትባላለች፤ እንደ ሰዓት ባትሪ ተገዝታ የምትተካ ናት።

የቀኑን ነገር ረዘም አድርጌ ላንሣው፤ በእኛ አገር ለብቻው የሚያጋጥም ችግር አለበትና። ኮምፒዩተሩ እድሳቱን ከማውረዱ በፊት የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይመለከታል። ወረቀቱ የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን አለው። አንድ የቤተሰብ አባል «ቀኑ ተሳስቷል» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላው፣ ኮምፒዩተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህን ጊዜ የዛሬው የምስክር ወረቀት ለእሱ ገና ያልተወለደ ይሆንበታል፤ አልቀበልም ይላል። በመሆኑም ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ተመልከቱ፤ ዓመቱ በፈረንጆቹ ይሁን። ሰዓቱንም «ከጧቱ ሁለት ሰዓት» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር አትሙሉት። የሰዓት ክልል ምረጡ ሲል አዲስ አበባን በዝርዝሩ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኟትም፤ የእኛው ሰዓት «ናይሮቢ» በሚለው ስም ነው የተቀመጠው።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የቦታ ጥበት ነው። የስሕተቱ ቁጥር 80070070 በሚል ካበቃ «ዲስኩ ሞልቷል» ማለቱ ነው። ለትልልቆቹ እድሳቶች እስከ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ፊልሞችንና ያረጁ ቪዲዮዎችን ወደ ውጭ ዲስክ ማዛወር፣ የቆሻሻ መጣያውን ባዶ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሴቲንግስ ውስጥ ስቶሬጅ በሚለው ሥር «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚል ማጽጃም አለ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! በዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ይገኛል። ይህ ጊዜያዊ ቆሻሻ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ላይ በቴሌግራም ያወረዳችሁት ሁሉ፣ ከአስተማሪ የተላከው የፈተና ወረቀት ሳይቀር፣ ሌላ ቦታ ካልመረጣችሁለት የሚቀመጠው እዚያው ነው። ምልክት አድርጋችሁበት ከጸዳ አለቀሳችሁ ማለት ነው።

የኢንተርኔቱም ጉዳይ አለ። የጥቅሉ ሜጋባይት እንዳያልቅ ተብሎ ግንኙነቱ «ሜተርድ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ዊንዶውስ አብዛኛውን እድሳት አያወርድም። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ይህን ምልክት ለዚያች ሌሊት አንሡት።

መብራት ስለሚሄድብን ደግሞ እድሳት የሚጀመርበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ከሆነና ዩፒኤስ ከሌለው፣ በሠፈራችሁ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩ። «ኮምፒዩተሩን አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ ከወጣ በኋላ አሮጌ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የምትቸኩለው ልጅ ሶኬቱን እንዳትነቅለው ንገሯት፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነውና። «ለውጦቹ እየተመለሱ ነው» የሚል ጽሑፍ ሲመጣም አትደንግጡ፤ ኮምፒዩተሩ ያልተሳካውን ትቶ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው፤ ፋይላችሁን አይነካም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እምቢ ሊል ይችላል። ጥፋቱ ከእናንተ ላይሆን ይችላልና ራሳችሁን አትውቀሱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያወጣው ኬቢ 5034441 የተባለ እድሳት በብዙ ሰዎች ቤት አልጫን ብሎ ነበር። ምክንያቱም ለአደጋ ጊዜ በተከለለችው ትንሽ የዲስክ ክፍል ውስጥ የሚፈልገውን 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ በማጣቱ ነው። ይህን ተራ የቤት እመቤት ቀርቶ ባለሙያውም ቶሎ አላወቀውም።

ወደ ጥገና ቤት መሄዱ ግድ ከሆነ በመጀመሪያ ፎቶግራፎቹንና ሰነዶቹን በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ እዩ። ብዙዎች ገለበጥን ብለው ስሙን እንጂ ሥዕሉን ያልወሰዱ ናቸው። የስሕተት ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ፤ ወይም በስልክ ፎቶ አንሡት። ባለሙያው «ፎርማት» ሲል «የወረዱት የእድሳት ፋይሎች የሚከማቹበት ማኅደር መጀመሪያ ይጽዳልኝ» በሉት። «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» የሚባል ማኅደር ነው፤ ቢጸዳ የእናንተን ሰነድ አይነካም። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዓይነቶችም ሲስተም፣ ከዚያም ሪከቨሪ በሚለው ውስጥ ሰነድና ፕሮግራም ሳይጠፋ ዊንዶውሱን ብቻ እንደገና የሚጭን መንገድ አለ። ጥያቄውን በትሕትና፣ ነገር ግን ሳታፍሩ ጠይቁ። ንብረቱ የእናንተ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ኮምፒዩተራችሁ ዊንዶውስ 10 ከሆነና እድሳት መምጣቱ ጨርሶ ከቆመ፣ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ወደ 11 ለመሻገር ደግሞ ኮምፒዩተሩ «ቲ.ፒ.ኤም. 2.0» የሚባል የጥበቃ ክፍልና አዲስነት ያለው ፕሮሰሰር እንዲኖረው ይጠይቃል፤ አሮጌዎቹ ይህን አያሟሉም። ያገለገለ ኮምፒዩተር ልትገዙ የምትሄዱም ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እድሳት የማያገኘው አሮጌው ለልጆች የጽሕፈት መለማመጃና ለፊልም ያገለግላል፤ የባንክ ሒሳብ ግን አይከፈትበት፤ የዕቁቡም መዝገብ ከእሱ ይውጣ።